በጣም ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪኖች፦ ስለ ፍጥነታቸውና ስለ ዋጋቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና በወጣ ቁጥር ወሬው ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ ሰው ሰከንዱን አይቶ አፉን ይይዛል። ግማሹ ዋጋውን አይቶ ራሱን ይይዛል። መኪናው ይለዋወጣል እንጂ ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። አንድ በአንድ መመለስ ሰልችቶኝ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሁሉም እኩል ስለማያከራክር አንዳንዱን በሁለት መስመር አልፌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እውነት በ2 ሰከንድ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ይገባል?

ይገባል፤ ግን ሰዓቱ መቼ መቆጠር እንደጀመረ ጠይቁ።

ቴስላ በ2021 ሞዴል ኤስ ፕሌይድን ሲያወጣ ከ0 እስከ 60 ማይል (97 ኪሎሜትር ገደማ) በ1.99 ሰከንድ ይደርሳል አለ። የቻይናው ሻዎሚ የኤስዩ7 አልትራን ከ0 እስከ 100 ኪሎሜትር 1.98 ሰከንድ ብሎ አስታወቀ። ሁለቱም ከስር በትንንሽ ፊደል የጻፉት ነገር አለ። መኪናው የሚሄዳት የመጀመሪያዋ 30 ሳንቲሜትር ገደማ አትቆጠርም።

ልማዱ የመጣው ከአሜሪካ የቀጥታ መስመር ውድድር ነው። እዚያ ሰዓቱን የሚያስነሳው መሬት አጠገብ የተዘረጋ የብርሃን ጨረር ነው። የፊት ጎማው ከጨረሩ እስኪወጣ ድረስ መኪናው እየሄደ ነው፣ ሰዓቱ ግን ቆሟል። እነዚያ 30 ሳንቲሜትሮች ወደ 0.2 ሰከንድ ይበላሉ። በ10 ሰከንድ 100 ለሚገባ መኪና 0.2 ሰከንድ ምንም አይደለም። በ2 ሰከንድ ለሚገባው ግን አንድ አስረኛ ነው። “ከ2 ሰከንድ በታች” የሚለው ማስታወቂያ የሚቆመውም በዚህችው ላይ ነው።

ሌላም አለ። ቁጥሩ የሚገኘው ባትሪው ሞልቶ፣ በልኩ ሞቆ፣ ጎማው አዲስ ሆኖ፣ አስፋልቱም ደረቅና የሚይዝ ሲሆን ነው። ሰኞ ጠዋት ባትሪው 30 በመቶ ላይ እያለ ያው ቁጥር አይመጣም። መኪናው ያኔም ፈጣን ነው። የተከፈለበት ቁጥር ግን ያ አልነበረም፣ ቅሬታውም ከዚህ ይጀምራል።

ውስጡ ሲቀመጡ ምን ይሰማል?

ሒሳቡን ላስቀድም። በ2 ሰከንድ 100 መግባት ማለት በአማካይ ከሰውነታችሁ ክብደት 1.4 እጥፍ በሆነ ኃይል ከወንበሩ መጣበቅ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 100 ኪሎ ገደማ ደረቱን ይዞ ወደ ኋላ እንደገፋው ቁጠሩት። ኃይለኛ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የሚጥላችሁ ኃይል እንኳ ከዚህ ያንሳል።

እኔ መጀመሪያ የቀመስኩት በተሳፋሪ ወንበር ነው። ባለመኪናው “ራስህን ወንበሩ ላይ አስደግፍ” አለኝ። የሰማሁት መሰለኝ፤ አልሰማሁም። ስልኬ ጭኔ ላይ ነበር፣ የውሃ ጠርሙሴን በግማሽ ክዳን ይዤ ነበር። ፔዳሉን ሲረግጠው ጭንቅላቴ ከትራሱ ጋር ተጋጨ። ስልኩ ጭኔን አልፎ ወንበሩና ቀበቶው መሃል ገባ። ውሃው አገጬ ላይ ነበር። ድምፅ የለም፣ ማርሽ የለም፣ “አሁን ሊነሳ ነው” የሚል ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ሆዴ የቀረው መነሻው ላይ ነው። ቀና ስል ሰውየው መንገዱን ጨርሶ እኔን እያየ ይስቃል።

ከዚያ በኋላ ያስተዋልኩት፣ ባለቤቶቹ የሚደሰቱት በራሳቸው ፍጥነት ሳይሆን በእንግዳቸው ጩኸት ነው። የራሳቸው ሰውነት በሁለት ሳምንት ለምዶት ቁጭ ይላል። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ ይጫናል። ዘመድ ሁሉ ተጭኖ ሲያልቅ መኪናው ጸጥ ያለና ጥሩ የቤተሰብ መኪና ሆኖ ይቀጥላል። የሚያቅለሸልሻቸውም አሉ፣ በተለይ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች። እነሱ ሁለተኛ ዙር አይጠይቁም።

የቤንዚን መኪና ለምን እንዲህ አይነሳም?

የቤንዚን ሞተር ሙሉ አቅሙን የሚያወጣው ከተሽከረከረ በኋላ ነው። ካምቢዮ ያስፈልገዋል፣ ማርሽ ሲቀይርም ትንሽ ይዘገያል። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ቆሞ እያለ ሙሉ የመጠምዘዝ ጉልበቱ ዝግጁ ነው። ከፊትና ከኋላ ሞተር ሲኖር አራቱም ጎማ መሬቱን ይቧጥጣል። አንዱ ጎማ ሊንሸራተት ሲል ኮምፒውተሩ በሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ጉልበቱን ይቀንሳል። የሰው እግር ይህን አያደርግም።

ታዲያ ከ200 በላይ ሲሆን ለምን ይደክማል?

አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ብቻ ስላላቸው ነው። ፖርሼ ታይካን ላይ ለኋላ ሞተር ሁለት ማርሽ የሰጠውም ለዚህ ነው። ከዚያ አየሩ አለ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መነሳትና ከፍተኛ ፍጥነት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱን ስትገዙ ሌላው አብሮ አይመጣም።

የፕሌይድ ገዢዎች ይህን በወጪ ተምረውታል። ሲተዋወቅ በሰዓት 322 ኪሎሜትር ይገባል ተባለ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሲረከቡ ግን ፍጥነታቸው ከዚያ በታች ተገድቦ ነበር። ምክንያቱ ሞተሩ አልነበረም። ከ300 በላይ የሚሮጥን ሁለት ቶን ያለፈ መኪና ደጋግሞ የሚያቆም ፍሬን ያስፈልግ ነበር። ያ የሴራሚክ ፍሬን በኋላ ለብቻው በ20,000 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ።

ዋጋው ከፍጥነቱ ጋር ይሄዳል?

ድሮ ይሄድ ነበር። አሁን አይሄድም፣ ሰውን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው።

ሪማክ ኔቬራ 1,914 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ዋጋው 2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ የታሰበው ብዛት 150 ብቻ። ሉሲድ ኤር ሳፋየር 1,234 የፈረስ ጉልበት፣ ሲወጣ 249,000 ዶላር። ፕሌይድ 1,020 የፈረስ ጉልበት፣ ሲወጣ 129,990 ዶላር። ኤስዩ7 አልትራ 1,548 የፈረስ ጉልበት፣ ሲወጣ 529,900 ዩዋን። ይህ በወቅቱ ምንዛሪ ከ75,000 ዶላር በታች ነው። የጀርመኑን የኑርቡርግሪንግ የውድድር መስመር፣ 20 ኪሎሜትር ከምናምን፣ ኔቬራ በ7 ደቂቃ ከ5.298 ሰከንድ ዞሮታል። ኤስዩ7 አልትራ ለሩጫ በተዘጋጀው ተጨማሪ ጥቅል በ7 ደቂቃ ከ4.957 ሰከንድ ዞረው። የ2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ልዩነት ያለው ዋጋ መንገዱ ላይ ሲለካ ከግማሽ ሰከንድ በታች ሆነ።

እና ውዱ መኪና ውድ የሆነው በምኑ ነው? በእኔ አስተያየት ፍጥነት ረክሷል፤ ያልረከሰው ፍጥነቱን መድገም ነው። አንድ ጊዜ መሮጥ የባትሪና የሞተር ጉዳይ ነው። አስር ጊዜ መሮጥ የማቀዝቀዣ፣ የፍሬንና የጎማ ጉዳይ ነው። ፖርሼ ታይካን ቱርቦ ጂቲን ተመልከቱት። ማስታወቂያው ላይ እስከ 1,108 የፈረስ ጉልበት ይላል፤ ያ ቁጥር የሚቆየው ግን ቢበዛ ለ2 ሰከንድ ነው። በመደበኛው ጊዜ ያለው 789 ነው። ፖርሼ ይህን አልደበቀም፣ በግልጽ ጽፎታል። ግን ሰው የሚያነበው ትልቁን ቁጥር ነው።

ስለዚህ ሻጩን “ስንት ሰከንድ?” ብላችሁ አትጠይቁት፣ እሱ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። “ስንት ጊዜ?” በሉት።

ገዢዎችን ይበልጥ የሚያናድዳቸው የቱ ነው፣ ውድነቱ?

አይደለም። ውድ የሆነበት ሰው ትቶት ይሄዳል። ቆሽቱ የሚያርረው የገዛው ሰው ነው።

ኤስዩ7 አልትራን እንደ ምሳሌ ልውሰድ፣ ምክንያቱም በጥቂት ወራት ውስጥ ደስታውንም ንዴቱንም አሳይቶናል። በኦክቶበር 2024 ቅድመ ሽያጭ ሲከፈት ዋጋው 814,900 ዩዋን ተባለ። በፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ ወደ 529,900 ወረደ። ሰው እንደ ስጦታ ነው የቆጠረው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ 10,000 ሰው አዘዘ። የነገሩ ብልሃት ግልጽ ነው። መጀመሪያ ትልቁን ቁጥር ካሰሙህ ሁለተኛው ቁጥር ርካሽ ይመስልሃል።

ከዚያ ሜይ መጣ። አንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ 1,548 የነበረውን የፈረስ ጉልበት ወደ 900 ገደማ ገደበው። ሙሉውን ለማግኘት ባለቤቱ በተፈቀደ የውድድር መስመር ላይ ሄዶ የተወሰነ ሰዓት ማስመዝገብ ነበረበት። ከደህንነት አንጻር ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። 1,548 የፈረስ ጉልበት በከተማ መንገድ ማንም አይፈልገውም። ግን ሰዎቹ ገንዘቡን ሲከፍሉ ፈተና እንዳለ አልተነገራቸውም። 900ው ስላነሰ አልነበረም ጩኸቱ። የተከፈለበት ነገር ከእጅ ላይ ስለተነጠቀ ነው። ኩባንያው ማሻሻያውን አቆመ።

በዚያው ሰሞን የኮፈኑ ጉዳይ ተነሳ። 42,000 ዩዋን የሚሸጥ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ ሁለት የአየር ቀዳዳ ያለው ኮፈን ነበር። ገዢዎቹ የተረዱት ቀዳዳዎቹ አየር አሳልፈው እንደሚያቀዘቅዙ ነው። አንዳንዶቹ ኮፈኑን ከፍተው ውስጡን ከተራው የአሉሚኒየም ኮፈን ጋር ሲያስተያዩት ብዙም ልዩነት አጡ። በመቶ የሚቆጠሩ ባለቤቶች ገንዘባችን ይመለስ አሉ። ሻዎሚ ማብራሪያችን ግልጽ አልነበረም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ገና ላልተረከቡት ወደ አሉሚኒየሙ እንዲቀይሩ ፈቀደ፣ ለተረከቡት ደግሞ የመግዣ ነጥብ ሰጠ። እስቲ አስቡት፦ መኪናው በ285,000 ዩዋን ረክሶ ሲመጣ ያመሰገነው ሰው፣ በ42,000ው ኮፈን ይበልጥ ተናደደ።

ከገዛሁ በኋላ ዋጋው ቢወርድስ?

ይወርዳል ብላችሁ ተዘጋጁ። ፕሌይድ በጁን 2021 ለደንበኞች መድረስ ሲጀምር፣ ዋዜማው ላይ 10,000 ዶላር ተጨምሮበት 129,990 ገባ። በሴፕቴምበር 2023 አዲሱ መኪና 89,990 ነበር። የመጀመሪያው ገዢ መኪናውን ሳይነካው፣ ሳይጋጭ፣ 40,000 ዶላር ከእጁ በነነ። ያገለገለ መኪና ገበያ ደግሞ የሚነሳው ከአዲሱ ዋጋ ነው።

በጃንዋሪ 2023 ቴስላ ቻይና ውስጥ ዋጋ ሲቀንስ፣ ከቀናትና ከሳምንታት በፊት የገዙ ሰዎች ማሳያ ክፍሎችና መረከቢያ ቦታዎች ሄደው ተቃውሞ አሰምተዋል። በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ የሞዴል ዋይ ሎንግ ሬንጅ ከ65,990 ወደ 52,990 ዶላር ወረደ። ሕጉ ከሻጩ ጋር ነው፤ ትናንት የተስማማህበት ዋጋ ዋጋ ነው። ስሜቱ ግን ከገዢው ጋር ነው። ጎረቤትህ ያንኑ መኪና በ13,000 ዶላር ቀንሶ ሲገዛ ሕግ ጠቅሶ የሚጽናና ሰው አላየሁም።

ገንዘብ ጨምሮ ፍጥነት በሶፍትዌር መግዛት ይቻላል?

ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ ተሽጧል። ቴስላ በ2019 መጨረሻ ለሞዴል 3 በ2,000 ዶላር የግማሽ ሰከንድ ማሻሻያ አቀረበ፤ ከ0 እስከ 60 ማይል ከ4.4 ወደ 3.9 ሰከንድ። መርሴዲስ በ2022 ለኤሌክትሪክ መኪኖቹ የተሻለ መነሳትን በዓመት 1,200 ዶላር ሊያከራይ መሆኑን ሲያስታውቅ ግን ሰዉ ጮኸ።

ልዩነቱ ገንዘቡ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ከፍሎ መግዛት እንደ መግዛት ይሰማል። በየዓመቱ መክፈል ግን በራስህ ቤት አንድ ክፍል ተቆልፎብህ ቁልፉን እንደ መከራየት ነው። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፣ ከመጀመሪያውም ጉልበቱ ነበረው። እኔ ብሆን የዓመቱን አልከፍልም፣ የአንድ ጊዜውን ግን አስብበት ነበር።

ደጋግሜ ብረግጠው ባትሪው ቶሎ አያልቅም?

እንደሚታሰበው አይደለም። 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 100 ላይ ሲደርስ የተሸከመው ጉልበት ሲሰላ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ብክነቱን ጨምሩበትና ሲሶ በሉት። ባትሪው 100 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ አንድ ጊዜ መርገጥ ከመቶ አንድ አይነካም። ቀስ ብላችሁ ስታቆሙ ደግሞ ከፊሉ ተመልሶ ባትሪው ውስጥ ይገባል። ባትሪ የሚጨርሰው ረጅም መንገድ ላይ 150ን ይዞ መቆየት ነው፣ በአየሩ ምክንያት። ደጋግሞ መርገጥ የሚያመጣው ሙቀት ነው። ባትሪው ሲግል ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበቱን ይቀንሰዋል፤ አምስተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው የሚደክመው ለዚህ ነው።

ከመግዣው ሌላ ምን ያስወጣል?

ጎማ። ደጋግሜ ብል ደስ ይለኛል፦ ጎማ። መኪናው ከባድ ነው፣ መነሳቱ ኃይለኛ ነው፣ የሚገጠመው ላስቲክ ደግሞ እንዲይዝ ተብሎ ለስላሳ ነው። ለስላሳ ላስቲክ ይይዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ልኩ ሰፊ ስለሆነ እንደ ተራ ጎማ በየቦታው አይገኝም፣ አራቱን አንድ ላይ ስትቀይሩ ሒሳቡ ያስደነግጣል። የበጋ ጎማ (ለሞቃት አየር የተሠራ) ከሆነ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል፣ ያኔ 1,000 የፈረስ ጉልበት የበረዶ መንሸራተቻ ነው።

ኢንሹራንስም ቀላል አይሆንም። ስትገዙ ሳይሆን ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ ዋጋውን ጠይቁ። የፍሬን ሸራ በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ብዙ ይቆያል፣ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን እየቀነሰ ስለሚያቆም።

ድምፅ የሌለው ፈጣን መኪና ያስደስታል?

ክርክሩ አያልቅም። ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ላይ የሞተር ድምፅና የማርሽ መቀየር ስሜት በሶፍትዌር አስመስሎ አስገብቷል። ማርሽ የሌለው መኪና ማርሽ እንዳለው ይንገጫገጫል። ስሰማ ሳቅኩ። የነዱት ግን ፍጥነታቸውን በጆሮ ስለሚያውቁት ኩርባ ላይ ይረዳል ይላሉ፤ ካልፈለጋችሁትም ይጠፋል። 3.4 ሰከንድ ነው 100 የሚገባው፣ እሱም ማንንም ያጠግባል።

ለዕለት ተዕለት መንዳት አደገኛ አይደለም?

ለስለስ ያለ የመንጃ ሁኔታ ሁሉም አላቸው፣ እሱን ዋናው አድርጋችሁ ተዉት። አደጋው ያለው መኪናው ለሌላ ሰው ሲሰጥ ነው። 100 ላይ ስትሆኑ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ትሄዳላችሁ። የለመደ ሰው እንኳ አንድ ነገር አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከኋላ ያለው ሹፌርም ሆነ መንገድ ሊሻገር የቆመው ሰው፣ ያለ ድምፅ በ2 ሰከንድ አጠገቡ የሚደርስ መኪና አልለመደም። ቁልፉን ለወጣት ልጅ ስትሰጡ ፍጥነቱን የሚገድበውን ምርጫ ካለው አብሩት። ሲያኮርፍ ያኩርፍ።

አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ፍጥነቱን ብቻ ፈልጋችሁ ከሆነ ጠብቁ፣ ይረክሳል። ወይም ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለውን ፈልጉ፤ የመጀመሪያው ባለቤት ኪሳራውን ተሸክሞላችኋል።

አዲሱን ልትገዙ ከሆነ ሙከራው ላይ ሻጩ ባትሪውን ሞልቶ፣ መኪናውን አሙቆ ነው የሚያቀርብላችሁ። ሌላ ቀን፣ ከሰዓት፣ ሰው ሲነዳው ውሎ ባትሪው ከግማሽ በታች ሲሆን ሂዱ። ሁለት ጊዜ አስነሱት፣ ሁለት ጊዜ በኃይል አቁሙት። ከዚያ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡና ሻጩ ይንዳው። ብዙ ሰው ከኋላ ሳይቀመጥ ይገዛል፣ ቤተሰቡ ግን ዕድሜውን የሚያሳልፈው እዚያ ነው።